የኢንተርኔት ፖከር ውድድር፦ ካርታውን ስንጠረጥር የረሳነው ሒሳብ

ኢንተርኔት ላይ ፖከር የሚጫወት ሰው ሲበላ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ነው። «ሁለት አስ ይዤ እንዴት እሸነፋለሁ? ነገሩ የተቀነባበረ ነው» ይላል። ያሸነፈ ዕለት ግን ካርታውን የሚያማ የለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ወገኖቻችን መካከል ይህ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ከስፖርት ውርርድ ጋር ተጠቅልሎ «ሁሉም ያው ቁማር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቁማር መሆኑን አልክድም። ያው ነው የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ገንዘቡ በየት በኩል እንደወጣበት ሳያውቅ ኪሱ ይራቆታል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ ጥርጣሬያችን ሁሉ ካርታው ላይ ሲያተኩር፣ በእርግጥ የሚበላን ነገር ፊት ለፊት ተጽፎ ሳለ ሳናነበው መቅረታችን።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በብዛት የሚዘወተረው ቴክሳስ ሆልደም ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደለዋል፤ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ደግሞ መሃል ይዘረጋሉ። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን አቀናጅቶ የበለጠው፣ ወይም በመደብ አስፈራርቶ ሌሎቹን ካርታ ያስጣለው፣ የተደረደረውን ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚያዘውን መጫወቻ) ይወስዳል። ውድድር ሲሆን ሁሉም እኩል መግቢያ ከፍሎ እኩል ቺፕ ይይዛል። ቺፑ ያለቀበት ይወጣል፤ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ጠረጴዛዎቹ ይታጠፋሉ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ቺፑን ሁሉ ጠቅልሎ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «ድርጅቱ ማን እንዲያሸንፍ እንደሚፈልግ ያውቃል»

በስፖርት ውርርድ ተወራራጁ የሚገጥመው ድርጅቱን ነው። እሱ ከበላ ድርጅቱ ይከፍላል፣ እሱ ከተበላ ድርጅቱ ይሰበስባል። በዚህ የለመደ ሰው ፖከርንም በዚያው ዓይን ያያል። የፖከር ውድድር ላይ ግን የሚበላሉት ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ነው።

መግቢያው «10+1» ተብሎ የተጻፈ ውድድር እንውሰድ። 10 ዶላሩ ወደ ሽልማቱ ይገባል፤ 1 ዶላሩ የድርጅቱ ኮሚሽን ነው። 1,000 ሰው ከገባ 11,000 ዶላር ተሰብስቦ 10,000 ይከፈላል፣ 1,000 ድርጅቱ ዘንድ ይቀራል። ሻምፒዮኑ ጀማሪ ይሁን አንጋፋ፣ የዴንማርክ ተማሪ ይሁን የዳላስ ሾፌር፣ ያ 1,000 ዶላር አይጨምርም አይቀንስም። አንዳንዴ እንዲያውም ድርጅቱ ራሱ ይከስራል፦ «ሽልማቱ ቢያንስ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ዋስትና ሰጥቶ በቂ ሰው ካልመጣ ጎዶሎውን ከኪሱ ይሞላል።

በትልልቆቹ ውድድሮች ሒሳቡ ጎልቶ ይታያል። በ2020፣ ኮቪድ የላስ ቬጋስን አዳራሾች በዘጋበት ዓመት፣ ከዓለም ፖከር ሻምፒዮና ውድድሮች ብዙዎቹ ጂጂፖከር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ተካሂደው ነበር። እዚያ የተካሄደው ዋና ውድድር መግቢያ 5,000 ዶላር ሲሆን ከዚያ ውስጥ ለሽልማት የሚሄደው 4,750 ነበር። 5,802 ጊዜ ተገባ። ሽልማቱ 27,559,500 ዶላር ደረሰ፤ ቡልጋሪያዊው ስቶያን ማዳንዢዬቭ አንደኛ ወጥቶ 3,904,686 ዶላር ወሰደ። ለኮሚሽን የተቆረጠችውን 250 ዶላር በ5,802 ስናበዛት 1,450,500 ዶላር ትሆናለች። እንዲህ ያለ ገቢ ያለ ምንም ውጣ ውረድ የሚገባለት ድርጅት ካርታ እየመረጠ የሚያድልበት ምን ምክንያት አለው?

ኮሚሽኑን የምትንቁ ካላችሁ እባካችሁ መለስ ብላችሁ እዩት። በ«10+1» ውድድር ከገባው ከየ100 ዶላሩ 9 ዶላር ገደማ ወደ ተጫዋቾች አይመለስም። ካርታው ፍጹም ንጹሕ ቢሆንም፣ አማካይ ችሎታ ያለው ሰው በጊዜ ብዛት ያንን ያህል ይከስራል። ለማትረፍ ከሌሎቹ መሻል ብቻውን አይበቃም፤ ኮሚሽኑን ከፍሎ የሚተርፍ ብልጫ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ካርታው የተቀነባበረ ነው»

ይህ ጥርጣሬ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። በእውነተኛ ገንዘብ ያጫወተው የመጀመሪያው የኢንተርኔት ፖከር ቤት፣ ፕላኔት ፖከር፣ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። ይጠቀምበት የነበረውን ሶፍትዌር የሠራው ኩባንያ ታማኝነቱን ለማሳየት ሲል ካርታው የሚበወዝበትን የፕሮግራም ኮድ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በ1999 የሶፍትዌር ደህንነት ባለሙያዎች ያንን ኮድ ሲያነቡት ጉድ ተገኘ።

አንድ ካርታ 52 ቅጠል ነው። ቅጠሎቹ ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ ብዛት 8 ተጽፎ 67 ዜሮ ሲከተለው የሚገኘው ቁጥር ያህል ነው። ያ ፕሮግራም ግን ብወዛውን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ካለፈው የሚሊሰከንድ ቁጥር ተነስቶ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ሚሊሰከንዶች 86.4 ሚሊዮን ናቸው፤ ስለዚህ ሊወጡ የሚችሉት አደራደሮችም ከዚያ አይበልጡም። ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ሰዓት ከድርጅቱ ሰርቨር ሰዓት ጋር አቀራርበው ቁጥሩን ወደ 200,000 አወረዱት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ነበር፦ በእጃቸው ያሉትን ሁለት ካርታዎችና መሃል የተዘረጉትን ሦስቱን ሲያስገቡ፣ ኮምፒውተሩ ቀጥሎ የሚመጣውንም በሌሎቹ እጅ ያለውንም አንድ ሳያስቀር ይነግራቸዋል። ግኝታቸውን ይፋ አደረጉት፣ ስህተቱም ታረመ።

ልብ በሉ፣ ያኔ የተገኘው ማጭበርበር አልነበረም፤ የሥራ ጉድለት ነው። ዛሬ ፈቃድ ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ለብወዛው የሚጠቀሙበት ቁጥር ማንም ሊገምተው ከማይችል አካላዊ ክስተት፣ ለምሳሌ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ውስጥ ከሚነሳ ረብሻ የሚወሰድ ነው። አሠራሩንም ጂኤልአይን የመሰሉ ገለልተኛ ላቦራቶሪዎች ይፈትሹታል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ የተበላን ይመስለናል? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ሙሉ በሙሉ በሒሳብ የሚገኝ ነው።

ሁለት አስ፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠው የመነሻ ጥንድ፣ በአማካይ ከ221 ዕደላ አንዴ ይመጣል። ሰዎች በአካል ተገናኝተው በሚጫወቱበት ጠረጴዛ በሰዓት 30 ገደማ ዕደላ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለት አስ ለማየት ሰባት ሰዓት ያህል መቀመጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 60 ዕደላ ቢታይና ሰውየው አራት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ቢከፍት 240 ዕደላ ያያል። ሁለት አስ በየሰዓቱ ይመጣለታል ማለት ነው። ሁለት አስ ሁለት ንጉሥን ሲገጥም ከ100 ጊዜ 18 ያህሉን ይሸነፋል። በአካል የሚጫወተው ሰው ሁለት አስ ይዞ መሸነፍን በወር አንዴ ቢያይ ዕድል ነው ብሎ ያልፈዋል። በኢንተርኔት የሚጫወተው በአንድ ሳምንት ብዙ ጊዜ ያየዋል፤ እያንዳንዱም ቁስል ሆኖ ይቀመጣል። ሁለት አሱ ያሸነፈባቸውን ጊዜያት ግን የሚቆጥር የለም።

በውድድር ደግሞ ይብሳል። ሁሉም መጨረሻው ላይ ቺፑ ስለሚያጥረው ያለውን ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያስይዝበት አጋጣሚ ይበዛል። በየአጋጣሚው የማሸነፍ ዕድላችሁ 80 በመቶ ነው እንበል፤ ትልቅ ብልጫ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ እንዲህ ብትገጥሙ አምስቱንም የማለፍ ዕድላችሁ 33 በመቶ ብቻ ነው። ከሦስት ውድድር ሁለቱን የምትወጡት በብልጫ ላይ ሆናችሁ ነው። ከውድድር የሚያስወጣው የመጨረሻው ሽንፈት ነውና፣ በአእምሮ የሚቀረውም «በልጬ ሳለሁ ተበላሁ» የሚለው ነው። ይህ ስሜት እውነተኛ ነው፤ የማጭበርበር ማስረጃ ግን ሊሆን አይችልም።

ተረት፦ «ፈቃድ ያለው ድርጅት ስለሆነ የሚያጭበረብር የለም»

ካርታው ንጹሕ ነው ማለት ሰዎቹ ንጹሕ ናቸው ማለት ሆኖ እንዳይወሰድብኝ። በ2007 አብሶሉት ፖከር በተባለ ድርጅት የተደረገውን ውድድር ማንሳት ይበቃል። መግቢያው 1,000 ዶላር ነበር። «ፖትሪፐር» በሚል ስም የተመዘገበ ተጫዋች ሁሉንም አሸነፈ፤ በመጨረሻው ዕደላ ላይ ተጋጣሚው ያለውን ሁሉ ሲያስይዝበት፣ አንድ ጥንድ እንኳ ሳይኖረው ከአሥር የማይበልጥ ካርታ ይዞ ገጠመውና በለጠው። የሰውን ካርታ ሳያይ እንዲህ የሚደፍር ጤነኛ ተጫዋች የለም።

ሁለተኛ የወጣው ተጫዋች የውድድሩን መዝገብ እንዲልኩለት ድርጅቱን ጠየቀ። ለአንድ ተጫዋች የሚላከው የራሱ ካርታ ያለበት መዝገብ መሆን ሲገባው፣ የሁሉንም ተጫዋቾች ድብቅ ካርታ የያዘ ፋይል ደረሰው። ፋይሉን ያገላበጡ ተጫዋቾች አንድ ነገር አስተዋሉ። ፖትሪፐር የመጀመሪያዎቹን ዕደላዎች እንደማንም ሰው ጣለ። ከዚያ አንድ ተመልካች ጠረጴዛው ላይ ታየ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፖትሪፐር ለረጅም ጊዜ አንድም ካርታ በመጀመሪያው ዙር አልጣለም። በመጨረሻ ሲጥል ደግሞ ሌላው ሁለት ንጉሥ የያዘበት ዕደላ ላይ ሆነ። ተመልካቹ የሁሉንም ካርታ ማየት የሚችል የውስጥ አካውንት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በእህት ድርጅቱ በአልቲሜትቤትም ለዓመታት የዘለቀ ተመሳሳይ ወንጀል ተገለጠ፤ ፈቃድ ሰጪው የካናዋኬ ቁማር ኮሚሽን ዋና ተጠያቂ ብሎ የሰየመው የ1994ቱን የዓለም ሻምፒዮን ረስ ሃሚልተንን ነበር። ካርታው በትክክል ይበወዝ ነበር፤ የተበላሸው ማን ያየዋል የሚለው ነው። ወንጀሉን ያጋለጡትም መዝገብ ይዘው ቁጥር የቆጠሩ ተጫዋቾች ናቸው።

ሰው መስሎ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ማለትም የሮቦት፣ ፍርሃትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከኮምፒውተር ጋር የምንጫወትበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ድርጅቶቹ ይከለክሉታል፣ ሲደርሱበትም አካውንቱን ይዘጋሉ፣ ግን ሁሉን አይዙም። በ2019 ኖም ብራውንና ቱኦማስ ሳንድሆልም የሠሩት ፕሉሪበስ የተባለ ፕሮግራም ስድስት ሆነው በሚጫወቱበት ጠረጴዛ አንጋፋ ባለሙያዎችን በልጧል። ይህ ከሆነ በኋላ «ማሽን ሰውን በፖከር አይችለውም» ማለት አያስኬድም።

ተረት፦ «ግማሹን ቺፕ የያዘ ግማሹን ሽልማት ይዟል»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ጨዋታውን አውቃለሁ የሚሉ ሰዎችም ይሳሳቱታል።

ሦስት ሰው ቀርቷል እንበል። ሽልማቱ 100 ዶላር ነው፦ ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20። ጠረጴዛው ላይ 10,000 ቺፕ አለ። አበበ 5,000፣ ሣራ 3,000፣ ከድር 2,000 ይዘዋል። አበበ ግማሹን ቺፕ ስለያዘ ድርሻው 50 ዶላር ይመስላል። ግን 50 ዶላር ለማግኘት አንደኛ መውጣት አለበት፤ እሱ ደግሞ ገና አልሆነም። ባለሙያዎች አይሲኤም በሚሉት ስሌት፣ እያንዳንዱ በየደረጃው የመውጣት ዕድሉ ሲሰላ፣ የአበበ ቺፕ 38.39 ዶላር፣ የሣራ 32.75፣ የከድር 28.86 ያወጣል። ከድር የያዘው ቺፕ የአበበን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በገንዘብ ሲተመን ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚያንሰው።

አሁን አበበና ሣራ ተጋጠሙ፤ ሣራ ያላትን 3,000 አስያዘች። አበበ ከበላ 8,000 ይዞ ከከድር ጋር ይቀራል፤ ድርሻው 46 ዶላር ይሆናል። 7.61 አተረፈ። ከተበላ 2,000 ይቀረውና ድርሻው ወደ 29.50 ይወርዳል። 8.89 ከሰረ። ያገኘውም ያጣውም 3,000 ቺፕ ሆኖ ሳለ፣ የማጣቱ ዋጋ ከማግኘቱ ይበልጣል። ዕድሉ እኩል በእኩል ቢሆን አበበ ይህን ግጥሚያ መግባት የለበትም፤ ቢያንስ 54 በመቶ ያስፈልገዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ከድር ምን ሆነ? ምንም ሳያደርግ፣ አበበ ቢበላ ድርሻው 34 ዶላር፣ ሣራ ብትበላ 29.50 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አተረፈ። አንጋፋ ተጫዋቾች ሽልማት ሲቃረብ ጥሩ የሚመስል ካርታ ሲጥሉ አይቶ «ፈሪ» የሚላቸው ሰው ይህን ስሌት አያውቅም።

የመጨረሻው ዳርቻ ሳተላይት የሚባለው ውድድር ነው። ሽልማቱ ወደ ትልቅ ውድድር የሚያስገባ ትኬት ነው፤ ትኬቶቹ ሁሉ እኩል ናቸው። አሥር ትኬት ኖሮ አሥራ አንድ ሰው ከቀረ፣ ብዙ ቺፕ የያዘ ሰው ሁለት አስ ቢታደለው እንኳ መጣሉ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቺፑ በእጥፍ ቢያድግ ሁለት ትኬት አይሰጠውም፤ ከተበላ ግን አንዱንም ያጣል።

ሽልማት ሊጀምር አንድ ሰው ሲቀር ያለችውን ሰዓት ተጫዋቾች ባብል ይሏታል። 150 ሰው የሚከፈልበት ውድድር ላይ 151 ሰው ሲቀር ሁሉም ጠረጴዛዎች በአንድ ላይ አንድ ዕደላ ይጫወቱና ቆመው ይጠባበቃሉ፤ አንዱ እያዘገመ ሌላው ጠረጴዛ ላይ ሰው እስኪወጣ እንዳይጠብቅ ነው። በዚያች ሰዓት 151ኛ ሆኖ መውጣትና 150ኛ መሆን ያላቸው ልዩነት፣ ባዶ እጅና የመግቢያው እጥፍ ገደማ ነው።

ተረት፦ «ታግሶ መጠበቅ ያሸንፋል»

ታጋሽነት ይረዳል፣ ግን ውድድሩ የተሠራው የሚጠብቅን ሰው ለመጨረስ ነው። በየዕደላው ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መደብ ያስይዛሉ፤ ብላይንድ ይባላል። መጠኑ በየተወሰነ ደቂቃ ይጨምራል፤ ቆየት ብሎም ሁሉም የሚከፍለው አንቲ ይታከልበታል። በ10,000 ቺፕ የተጀመረ ውድድር ላይ ብላይንዱ መጀመሪያ 50 እና 100 ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር 150 ቺፕ ያስከፍላል። ብላይንዱ 300 እና 600 ሲደርስና አንቲው 75 ሲሆን፣ ዘጠኝ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አንዱ ዙር 1,575 ቺፕ ይሆናል። እስካሁን አንድም ሳይበላና ሳይበላበት የቆየ ሰው ሰባት ዙር ሳይሞላው ቺፑ ያልቃል። ፈጣን በሚባሉት ውድድሮች ብላይንዱ በየአምስት ደቂቃው ሊጨምር ይችላል፤ እዚያ የችሎታ ቦታ ይጠብባል፣ የዕድል ቦታ ይሰፋል።

መስመር ሲቋረጥስ? «ውድድሩ ይጠብቀኛል» የሚሉ አሉ። አይጠብቅም። መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ቺፑ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ ካርታ ይታደላል፣ ካርታው በራሱ ይጣላል፣ ብላይንዱ ይቆረጣል። መግቢያም አይመለስም። የአገር ቤት አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ያስብበት።

ተረት፦ «እሱ በ86 ዶላር ሚሊየነር ሆኗል፣ እኔስ?»

ታሪኩ እውነት ነው። ክሪስ መኒሜከር በቴነሲ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ2003 ፖከርስታርስ በተባለ ድረ ገጽ ላይ 86 ዶላር ከፍሎ ሳተላይት ገባ፤ ከዚያ ተነስቶ 10,000 ዶላር መግቢያ ያለውን የላስ ቬጋሱን ዋና ውድድር ትኬት አገኘ፤ 839 ሰዎች የገቡበትን ያንን ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ዓለም ተነሳ። በ2004 የተሳታፊው ቁጥር 2,576 ሆነ፤ በ2006 ደግሞ 8,773 ደርሶ ጄሚ ጎልድ 12 ሚሊዮን ዶላር በላ። ያ 12 ሚሊዮን የተሰበሰበው ግን ባዶ እጃቸውን ከሄዱት ሰዎች መግቢያ ነው፤ የእነሱን ታሪክ የሚተርክ ቴሌቪዥን አልነበረም።

አንድ ተጫዋች ከአማካዩ እጥፍ የተሻለ ነው እንበል፤ እንዲህ ያለ ብልጫ ብርቅ ነው። 1,000 ሰው በሚገባበት ውድድር አንደኛ የመውጣት ዕድሉ ከሺህ ሁለት ነው። ይህ ሰው 500 ውድድር ቢጫወት አንዴም አንደኛ ሳይወጣ የመጨረስ ዕድሉ 37 በመቶ ነው። ከገቡት 15 በመቶው ብቻ በሚከፈልበት ውድድር አማካይ ተጫዋች ሃያ ጊዜ ተከታትሎ ባዶ እጁን የሚወጣበት ዕድል ደግሞ ከመቶ አራት ያህል ነው፤ ብዙ ለሚጫወት ሰው የማይቀር ነገር ነው። ገንዘቡ ያለው የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያ መድረስ ደግሞ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ማሸነፍ ችሎታን አያሳይም፣ አንድ ወር መበላትም አለመቻልን አያሳይም። ፖከር ችሎታ አለው ስንል በሺህ የሚቆጠሩ ውድድሮች ሲደመሩ የሚታይ ችሎታ ማለታችን ነው። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይከፈላል።

ተረት፦ «አካውንቴ ላይ ያለው ገንዘብ የኔ ነው»

ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ሦስት የፖከር ድርጅቶችን፣ ፖከርስታርስን፣ ፉል ቲልትንና አብሶሉት ፖከርን፣ ከሰሰ፤ ድረ ገጾቻቸውንም ያዘ። ፖከርስታርስ የተጫዋቾቹን ገንዘብ ለይቶ አስቀምጦ ስለነበር ወዲያው መለሰ። ፉል ቲልት ላይ የወጣው ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው ክስ መሠረት ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረበት፤ ባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሰዎች ስክሪናቸው ላይ ያዩት ቁጥር ቁጥር ብቻ ነበር። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረው በ2014 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እነዚያ ካርታው ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ሲከራከሩ የከረሙ ሰዎች፣ ገንዘባችን የት ተቀምጧል ብለው አልጠየቁም ነበር።

ዛሬም ይህ ጥያቄ ከካርታው ጥያቄ ይቀድማል። የተጫዋች ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ፈቃድ ሰጪ አለ ወይ? ከዚህ የባሰው ክለብ የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው፤ ገንዘቡን የሚቀበለውም የሚከፍለውም አንድ ወኪል ነው። ስልኩን ያጠፋ ዕለት የሚከሰስ ድርጅት የለም።

ሕጉም እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲና ደላዌር ከ2013 ጀምሮ፣ ፔንሲልቬኒያ ከ2019፣ ሚሺጋን ከ2021 ጀምሮ በፈቃድ ያጫውታሉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ግን በ2006 ባወጣችው ሕግ በኢንተርኔት መቆመርን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። እስራኤል ውስጥ ከመንግሥት ሎተሪና ከስፖርት ውርርድ ውጭ አይፈቀድም። በሳውዲ አረቢያ፣ በኩዌትና በኳታር ቁማር ክልክል ነው፤ እዚያ በሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያስይዘው ከመግቢያው የሚበልጥ ነገር ነው። ቪፒኤን ተጠቅሞ ከተከለከለ አገር የሚገባ ሰው ደግሞ ያሸነፈ ዕለት ሰነድ ሲጠየቅ ሊያዝ ይችላል፤ የበላውም ሊወረስ ይችላል።

ተረት፦ «በ11 ዶላር ገብቼ 40 በላሁ»

ብዙ ውድድሮች የወጣ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና ከፍሎ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ከወጣ በኋላ ስክሪኑ ላይ አንድ አዝራር ይመጣል፤ ተጫን፣ ተመለስ። ንዴቱ ገና ትኩስ ነው። አራት ጊዜ የገባ ሰው 44 ዶላር አውጥቷል፣ አራት ኮሚሽንም ከፍሏል። ለጓደኞቹ ሲያወራ ግን የሚናገረው የመጨረሻዋን 11 ብቻ ነው፤ ለራሱም እንዲሁ። 40 ዶላር የበላው ሰው በእርግጥ 4 ዶላር ከስሯል። «ላስመልስ» የሚለው ሐሳብ የሚገባውም በዚህችው አዝራር ነው፤ ላስመልስ ብሎ የቤት ኪራይ የነካ ሰው ካለ፣ ችግሩ ከካርታ ጨዋታ አልፏልና ለሚያምነው ሰው ዛሬውኑ ይንገር።

የምትጫወቱ ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። አካውንታችሁ ውስጥ የገቢና የወጪ ታሪክ የሚል ገጽ አለ። ክፈቱትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገባችሁትን ሁሉ ደምሩ፣ ያወጣችሁትን ሁሉ ደምሩ፣ አንዱን ከአንዱ ቀንሱ። የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ትዳር ያላችሁ ለትዳር ጓደኛችሁ አሳዩት። የሚቀጥለውን ውድድር መግቢያ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።